«እሱ ራሱ ይላልኮ!»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ። ሳልመርጣቸው ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ሆኑ፤ ማን ማንን ምን ብሎ መጥራት ይችላል? የመጀመሪያው በሒሳብ ደብተር ወረቀት፣ በእጅ ተጽፎ ነው የመጣው። ጎረቤቴ ናት ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ድረስ ያመጣችልኝ። ጥጉ ላይ የስኒ ክብ ታትሞበታል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ቃሉን ግን አልነካሁም።

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤይሩት 8 ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ነው የመጣሁት። አሁን ብሎካችን ሥር ጀበና ቡና አፈላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የምትመጣው፤ እሷም ላይ ድረስ አትወጣም። ስለዚህ ጀሪካን የሚያወጣልን ልጅ አለ። 16 ዓመቱ ነው። ቤተሰቡ ከአሶሳ በኩል ነው የመጣው፣ መልኩ ጠቆር ያለ ነው። ብሎኩ ሁሉ የሚጠራው «ባሪያው» እያለ ነው። ከመስኮት ሆነው «ባሪያው! ሁለት ጀሪካን!» ይላሉ። «መጣሁ!» ይላል። ስልክ ሲደውል እንኳን «ባሪያው ነኝ፣ ውሃ መጥታለች» ነው የሚለው።

ባለፈው ልጄ፣ 14 ዓመቱ ነው፣ ኳስ ሲጫወቱ «አቀብለኝ አንተ ባሪያ!» ሲል ሰማሁት። ጀበናዬን ከእሳት ላይ ትቼ ሄጄ በጥፊ አልኩት። ሰው ፊት። ልጄ አለቀሰ። የሚገርመው፣ እኔን ሊያበርደኝ የመጣው ያ ልጅ ራሱ ነው። «እትዬ፣ ችግር የለውም፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩለት» አለኝ። ልጄም ቤት ገብቶ «እሱ ራሱ ይላልኮ! አሜሪካም ጥቁሮቹ እርስ በርስ ይባባላሉ፣ ዘፈኑ ላይ ሁሉ አለ፣ አጎቴም ይላል» አለኝ። አጎቱ ሜሪላንድ ነው ያለው። ክረምት መጥቶ ነበር። እውነትም «ማይ ኒጋ» እያለ ነው የከረመው። «እኛም ጥቁር ነን፣ ይፈቀድልናል» ብሎ አስተምሮታል።

ለምን እንደዚያ እንደነደደኝ ልንገርዎ። ቤይሩት የማዳሜ ልጆች «ዐብዴ» ነበር የሚሉኝ። ባሪያ ማለት ነው። ቸኮሌት የለበሰ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጣፋጭ አላቸው፤ ስሙ «ራስ ኤል ዐብድ» ነው፣ የባሪያ ራስ። ትንሹ ልጅ እሱን እየገመጠ በጣቱ ጭንቅላቴን ይነካኝና ይስቅ ነበር። ግን ሌላም አለ፣ ለማንም አውርቼው አላውቅም። እሁድ እረፍት ስንወጣ እኛ ሐበሾቹ፣ የካሜሩንና የናይጄሪያ ሴቶች ሲያልፉ «ባሪያዎቹ መጡ» እንባባል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ጋሼ፣ ጥፋተኛ ነኝ? ልጁ ራሱ ካልከፋው እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ? እሱ ሲለው ምንም፣ ልጄ ሲለው ነውር የሚሆነውስ በምን ሒሳብ ነው?»
ቡና አፍይዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ ከጥፊው ልጀምር። አልወደድኩልሽም። ሰው ፊት የተመታ ልጅ የሚያስታውሰው ጥፊውን ነው፣ ምክንያቱን አይደለም። ይህን የምልሽ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። 30 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ በኩርኩም የማምንበት ዘመን ነበረኝ፤ ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ተማሪዎቼ ስለ ሰዋስው አንድም ነገር አያነሱልኝም፣ ኩርኩሜን ግን አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል። ስለዚህ ስለመታሽው ይቅርታ ጠይቂው። ስለተናደድሽው አትጠይቂ።

አሁን የራሴን ላውራሽ።

አቃቂ ነው ያደግኩት። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ክፍላችን ውስጥ አንድ በረኛ ነበር። እንደ እሱ የሚወረወር ሰው ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁም። መልኩ ጠቆር ያለ ስለነበር «ባሪያው» አልነው። አራት ዓመት ሙሉ። ኳስ ሲያድን ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው በአንድ ድምፅ «ባሪያው! ባሪያው!» ይልለታል። ፍቅር ነበር የሚመስለን። እሱም እየሳቀ ጓንት የሌለው እጁን ያነሳልናል። እውነተኛ ስሙን የምንሰማው መምህር ስም ሲጠራ ብቻ ነው። ያኔም አንዳንዶቻችን ዞር ዞር ብለን «እሱ ደግሞ ማነው?» እንል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቃሊቲ ጋራዥ ከፍቶ አገኘሁት። አሮጌ ቶዮታ አለችኝ፤ ከእሱ በቀር የነካት የለም። ስልኩን ሲሰጠኝ «ባሪያው ጋራዥ» ብዬ መዘገብኩት። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው የጻፈው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም መኪናዋ ፎሳ ላይ ቆማ ስልኬ ጠፋኝ። ኪሴን ብዳብስ የለም። «ቆይ ልደውልልህ» አለና ከራሱ ስልክ ደወለ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ጠራች። ጎንበስ ብሎ አወጣት። እንግዲህ አስቢው፤ የደወለው እሱ፣ የሚደወልላትን የያዛት እሱ። እጁ ላይ ትርገበገባለች። ከላይ በትልቁ «ባሪያው ጋራዥ» ይላል። ግሪስ የነካው አውራ ጣቱ ዛሬም ይታየኛል። ቀዩን ምልክት ነካ አድርጎ ጥሪውን ዘጋው። የነካበትን ቦታ በቱታው ጠረግ አደረገና ሰጠኝ።

«አሁንም?» አለኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ዘይት ቀየረ፣ የፍሬን ሸራውን አየ፣ እንደወትሮው አስከፈለኝ። እኔ ምላሴ ተሳስሮ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ተወው፣ ስሜን ታውቀዋለህ፣ ስም መጥሪያው ላይ 17 ቁጥር ነበርኩ» አለኝ። ስሙንስ አውቀዋለሁ። የአባቱን ስም ግን አላውቅም ነበር። ማታ አንድ የድሮ ጓደኛችን ጋ ደውዬ ጠይቄ፣ ከነአባቱ አስተካክዬ መዘገብኩት። ይቅርታውን ያልኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ያህል ጊዜ መኪናዋ አልተበላሸችም። ይህ ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ያ በረኛም ይስቅ ስለነበር ነው። የናንተው የጀሪካን ልጅ እንደሚስቀው።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩለት» አለሽ አይደል? እስቲ ፈቃዱን እንየው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ይዞ 40 ኪሎ ተሸክሞ 4ኛ ፎቅ ይወጣል። ላቡ እየተንጠባጠበ በር ላይ ቆሞ፣ ገንዘብ የሚቆጥርለትን ሰው «በስሜ ጥሩኝ» ይበል? ሊል ይችላል። በሚቀጥለው ውሃ ቀን ግን ሌላ ልጅ ይጠራል። ደንበኛውን «አይሆንም» ቢለው የሚያጣው እንጀራውን ነው። ልጅሽን «አይሆንም» ቢለው የሚያጣው ኳሱን ነው፤ «ምን ሆነሃል፣ ተበሳጨህ እንዴ? ስንቀልድ ነው» ተብሎ ዳር ላይ ይቀመጣል። እኛን «አይሆንም» ቢለን ኖሮ በረኛው የሚያጣው ጭብጨባውን ነበር። መከልከል የማይችል ሰው የሰጠው ፈቃድ፣ ፈቃድ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። ስለዚህ ልጁ ያለውን አማራጭ ተጠቀመ። ሌላው ሳይቀድመው ራሱ ተናገረው። እሱ «ባሪያው ነኝ» ብሎ ከደወለ በኋላ አንቺ «ባሪያው» ብትይው አዲስ ነገር አልሰማም፤ ዱላው ትንሽ ይለዝብለታል።

«እሱ ሲለው ምንም፣ ልጄ ሲለው ነውር» ላልሽው ግን ይህ ሒሳብ ለኛ አዲስ ነው እንዴ? እናቴ ነፍሷን ይማርና «ጅሉ» ነበር የምትለኝ። እስከ 40 ዓመቴ። እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ አንዴ ቢለኝ ኖሮ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር።

ቃሉን ራሱንም እይው። ጸሎት ላይ «እኔ ባሪያህ» ትያለሽ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ገና ከመጀመሪያው መስመር «የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ» ብሎ ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው። ዘመዶቻችንን ብንቆጥር ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ እግዚአብሔር የሌለበት ቤት የለም፤ «ገብር» ደግሞ ግእዙ ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። ሰውየው ራሱ ለፈጣሪው ሲለው ትሕትና ነው፤ ካህን በክርስትና ሲያወጣለት በረከት ነው። አሁን ጋሽ ገብረ ማርያምን ከመስኮት ሆነሽ «አንተ ባሪያ!» በያቸውና የሚሆነውን እይ። ቃሉ አንድ ነው። ማን፣ ለማን፣ ከየትኛው ፎቅ ሆኖ እንዳለው ግን ይለያያል።

(እግረ መንገዴን፤ «ባሪያ»ን በሙሉ ፊደሉ እየጻፍኩት ነው። በአንዳንድ ብሔረሰቦቻችን ላይ የሚለጠፉትን ቃላት ግን እዚህ አምድ ላይ አታገኟቸውም። «ባሪያ» መዝገበ ቃላትም መጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ እነዚያ ከስድብነት ሌላ ሥራ የላቸውም። ሁለት ሚዛን ነው የሚለኝ ካለ፣ ይሁንልህ።)

ልጅሽ አሜሪካን ጠቅሷል። ጥሩ፣ አሜሪካን እንይለት። እዚያ ነጮቹ ጥቁሮችን ይሰድቡበት የነበረውን ያን «ኒጋ» የሚለውን ቃል ጥቁሮቹ እርስ በርስ ይባባሉበታል ማለቱ እውነት ነው። ተስማምተውበታል ካለ ግን ተሳስቷል። በፈረንጆቹ 2007 ኤንኤኤሲፒ የሚባለው ትልቁ የጥቁሮች መብት ማኅበር ዲትሮይት ላይ ለቃሉ ቀብር አወጣለት። ቀልድ አይደለም። የሬሳ ሣጥን ነበር፣ በሁለት ፈረስ እየተጎተተ ሄደ፣ ሕዝብ ተከተለ። ቃሉ በሦስተኛው ቀን ተነሣ እንጂ። ሪቻርድ ፕራየር የሚባለው ቀልደኛ መድረክ ላይ ለዓመታት በዚያ ቃል ሰው ሲያስቅ የኖረ ጥቁር ነው። በ1979 ኬንያ ሄዶ ተመለሰና ዳግመኛ አልለውም አለ። እዚህ ጎረቤታችን ደርሶ መመለሱ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን በ2013 ኒው ዮርክ ላይ የታየ አንድ ክስ ነው። አለቃው ጥቁር ነው። ሠራተኛዋም ጥቁር ናት። በዚያ ቃል ደጋግሞ ሲሰድባት በድብቅ ቀድታው ኖሮ ፍርድ ቤት ወሰደችው። መከላከያው ልጅሽ ያለው ነበር፤ በእኛ መሀል ቃሉ የፍቅርም ነው፣ ለተግሣጽ ነው ያልኩት አለ። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች አልተቀበሉትም። በድምሩ 280 ሺህ ዶላር ካሣ ተፈረደላት። ተመልከች፣ ቀለማቸው አንድ ነው። አንድ ያልሆነው ወንበራቸው ነው። እሱ ደመወዝ ከፋይ፣ እሷ ተቀጣሪ። ይህ ከጀሪካኑ ልጅ ጋር አይመሳሰልብሽም? እኔ ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የዘፈኑን ነገር ደግሞ ልጅሽ ይህን ያውቀው ይሆናል። በ2018 አላባማ ውስጥ ኬንድሪክ ላማር አንዲት ነጭ አድናቂውን መድረክ ላይ አወጣት፣ አብራው እንድትዘፍን። ግጥሙን እንዳለ ዘፈነችው፣ ቃሉን ጨምራ። አስቆማት። ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «የራሱን ግጥም ነው ያለችው፣ ራሱ አውጥቷት» አለ፤ ገሚሱ «ማወቅ ነበረባት» አለ። እኔን ከጠየቅሽ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ጋብዘሽ አስገብተሽ ጫማ አላወለቅሽም ብሎ መቆጣት ደስ አይልም። እንግዳም ግን ዓይን አለው፣ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ያያል።

አጎትየውን በተመለከተ አልፈርድበትም። ሜሪላንድ ላይ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆም «ሐበሻ ነህ ወይስ ሌላ ጥቁር?» ብሎ አይጠይቅም። ቃሉ እሱም ላይ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ እዚያ ያለውን ከጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤቶቹ ጋር ይነጋገርበት። ኮዬ ፈጬ ላይ ግን ያ ቃል ማንንም አቁስሎ አያውቅም። እዚህ ያቆሰለው ሌላ ቃል ነው፣ የወረወርነውም እኛው ነን። አጎትየው ሜሪላንድ ላይ ከተወረወረባቸው ወገን ነው፤ ብሎካችሁ ሥር ሲቆም ግን ከወርዋሪዎቹ ወገን ነው። በአውሮፕላን ሲመጣ ወገኑ እንደተቀየረ የነገረው ሰው የለም መሰለኝ።

«ተገዝተን አናውቅም» እንላለን። አድዋን እንጠራለን፣ እኔም እጠራለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። አማርኛችን ግን አንዳንዴ ያሳጣናል። «መግዛት» ሁለት ነገር ነው። አልተገዛንም፤ ገዝተናል ግን። በብር፣ በአሞሌ ሰው ገዝተናል፣ ሸጠናል። በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስንገባ ይህን ነገር እናጠፋለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አባቴ ያኔ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የአባቴ ዕድሜ ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ከዘራው አሁንም በራችን ጀርባ ቆሟል። ከአሶሳና ከዚያ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይህን ቃል ሲሰሙ እኛ የማንሰማውን ቢሰሙ አይግረምሽ።

የቤይሩቱን እሁድ የጻፍሽበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። አንቺ ወግተሽም ተወግተሽም አልረሳሽም። (የጣፋጩ ስም ኋላ ላይ ተቀይሯል፤ «ታርቡሽ» ተብሏል።) ጥፋተኛ ነኝ ወይ ላልሽው፣ ለካሜሩኖቹ፣ አዎ። ለልጅሽ ያንን እሁድ ንገሪው። ጣት ጭንቅላትሽ ላይ ሲያርፍ ምን ይል እንደነበረም፣ አንቺ መንገድ ዳር ቆመሽ ምን እንዳልሽም። 14 ዓመት ይበቃዋል፣ ይገባዋል። ምናልባት እንደ ጥፊው ይሰማው ይሆናል፣ ግን ይህኛው ምክንያቱ አብሮት ይቀራል።

ልጁንስ? «ይከፋሃል ወይ?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። «ኧረ አይከፋኝም እትዬ» ነው መልሱ፣ ካሁኑ ልንገርሽ። ሰው በሌለበት፣ ቡና ስትቆዪ ነገር፣ አንድ ስኒ ስጪውና «ማን ብዬ ልጥራህ?» በይው። ስሙን ይነግርሻል። «ባሪያው ይበሉኝ፣ ለምጄዋለሁ» ካለሽም እሺ አትበይ። እሱ መፍቀድ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። ከዚያ ውሃ በመጣች ቀን መስኮትሽን ክፈቺና በስሙ ጥሪው። ጮክ ብለሽ። 4ኛ ፎቅ ነሽ፣ ለብሎኩ ሁሉ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የክፍላችን ኃላፊ ቻይናዊ ነው። እኛ «ቻይና» እንለዋለን፣ እሱም «ሐበሻ» ይለናል። ማነው ተሳዳቢው?»
ከዱከም

ሁለቱም ስድብ አይደሉም። አንዱ አገር ነው፣ አንዱ ሕዝብ። «ፈረንጅ»ም እንደዚያው፣ ከፍራንክ የመጣ ስም ነው፣ ልጆች መንገድ ላይ ሲጮሁበት ነው የሚያስጠላው። ስድብ ባይሆኑም ግን ስንፍና ናቸው። 20 ሰው አንድ ላይ «ሐበሻ!» ሲባል ዞሮ የሚያየው የትኛው ነው? የሱ ስም ለምላስ ይከብዳል እንዳትይኝ። ሦስት ፊደል ቢሆን ነው፣ የኔ ተማሪዎች «ወልደ ጊዮርጊስ»ን ችለውታል።

«ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ ነው የተወለድኩት። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ከጨንቻ ነው የመጣው። ቲክቶክ ላይ የአባቴን አማርኛ እያስመሰልኩ «ዶርዜው ሲከራከር» ምናምን እያልኩ እሠራለሁ። ሰው ሞቷል በሳቅ። የሰፈሬ ልጅ፣ የኛ ወገን ያልሆነ፣ አይቶ ያንኑ ሠራ። አወረዱበት። «ብሔር ሰደብክ፣ በሕግ ትጠየቃለህ» ሁሉ አሉት። እኔን ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ጓደኛዬ አኩርፏል። ፍትሕ ነው ይሄ?»
ከሽሮ ሜዳ

ከሕጉ እንጀምርና ቶሎ እንውጣ። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ተናጋሪው የማን ልጅ ነው ብሎ አይጀምርም። የሚጠይቀው ሆን ተብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት ተቀስቅሷል ወይ ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል፤ ጥቃት ካስከተለ ይከብዳል። የኪነ ጥበብ ሥራን ለይቶ ያያል። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን የጓደኛህ ቀልድ እዚያ የሚያደርሰው አይመስለኝም። ለጓደኛህ ይህን ንገረውና ይተኛ።

ነገሩ ግን ከዚህ ያረጀ ነው። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በዚሁ ጉዳይ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቢሠራ ጠይብ፣ ሸማ ቢሠራ ቁጢት በጣሽ እያላችሁ ሠራተኛውን መስደብ ተዉ፣ ከእንግዲህ እሱን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። አዋጁ ሸማኔን ከስድብ ነፃ አላወጣም፤ ስድቡ ስም ቀየረ እንጂ። ዶርዜ ስድብ አይደለም፣ ታውቃለህ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ አካባቢ የሚኖር፣ የዝሆን ፊት የመሰለ ከፍ ያለ ቤት የሚሠራ ሕዝብ ስም ነው። እዚህ ከተማ ግን ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ሁሉ፣ ዶርዜ ይሁን አይሁን፣ «ዶርዜ» ተባለ፤ የሰው አፍ ስድብ አደረገው። ከዚያ ጥምቀት ሲደርስ ያው ሰው ሽሮ ሜዳ ወርዶ፣ ከአባትህ እጅ የወጣውን ጥበብ ዋጋ እያስቀነሰ ይገዛል።

እና አዎ፣ ሁለት ሚዛን ነው። ጓደኛህ የሠራውና አንተ የሠራኸው አንድ አይደለም። አንተ የምትስቅበት እየሰማኸው ያደግክበት፣ የበላህበት አማርኛ ነው፤ እሱ የሚያሾፍበት ደግሞ እናቱ ገበያ ላይ ከአባትህ ጋር ዋጋ የተከራከረችበት ነው። ይህን ልዩነት ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው የወረደበት። በዚህ አልከራከርህም፣ ጓደኛህም እያኮረፈም ቢሆን የሚገባው ይመስለኛል።

የምከራከርህ ሌላ ነው። ፈቃዱን ከማን ነው የወሰድከው? ወገኑ መሆንህ ይበቃኛል ትል ይሆናል። ግን በቪዲዮው የሚሳቀው በአንተ አማርኛ አይደለም። የአንተ አማርኛ የሽሮ ሜዳ ልጅ አማርኛ ነው፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። የሚሳቀው አባትህ ጎጆው ውስጥ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ እያለ በሚናገረው አማርኛ ነው። አስተያየት መስጫው ላይ «ዶርዜ» እያሉ የሚስቁት ሁሉ የናንተ ወገን ናቸው? አንብባቸው እስቲ።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። አባትህ ቪዲዮውን አይቶታል? ካላየው አሳየው። ከሥራ ሲነሳ፣ ራት በልቶ፣ ስልክህን እጁ ላይ አድርገህ። ዓይንህን ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ፊቱ ላይ አድርግ። ከዚያ ጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም ቦታ እይዝልሃለሁ።